ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሕመም

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ በቡና ላይ ሲወሳ ድምፅ ዝቅ የሚደረግበት፣ ልጆችም «እስቲ ደጅ ወጥታችሁ ተጫወቱ» የሚባሉበት ነው። ስለ ጡት ካንሰር ነው። የበሽታው ምልክት ምን እንደሆነና መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባ በሬዲዮም በጋዜጣም በየጊዜው ስለሚነገር እሱን ለዛሬ እንለፈው። እኔ ላወያያችሁ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ቀዶ ጥገናው ተደርጎ፣ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ጠያቂውም «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ብሎ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ በዚያች ሴት ልብና አእምሮ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ነገሩን የተማርሁት ከገዛ አክስቴ ነው። አክስቴ በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የምትኖር፣ ሰባት ልጆች ያሳደገች፣ ዕድሜዋ ከሃምሳ ብዙም ያላለፈ ሴት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ እኛ የወንድሞቿ ልጆች እንደምንጠራት እታለም ልበላት። ታሪኳን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት። «ጻፊው፤ ስሜን ግን ተይው። ገበያ ስወጣ ሰው ደረቴን ደረቴን እንዳያየኝ» ነው ያለችኝ።

እታለም ግራ ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር ካገኘች በኋላ አንድ በጋ ሙሉ ለማንም ሳትናገር ቆየች። አያማትም ነበር፤ የማያም እባጭ ደግሞ ማንን ያስቸኩላል? በኋላ ገላዋን ስትታጠብ ቆዳው ወደ ውስጥ እየተሳበ መምጣቱን ያየችው ልጇ ናት። ከመካነ ኢየሱስ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከፍተኛ ሆስፒታል ተላከች። የናሙናው ውጤት መጥቶ ካንሰር መሆኑ በታወቀ ጊዜ ሐኪሙ የነገረው ለእሷ ሳይሆን ለአባቴ ነበር። አባቴም «አደራዎን አይንገሯት፤ ትደነግጣለች» ብሎ ለመነ። እኔም እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ስለዚህ እታለም ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል የገባችው «እባጩን ያወጡልሻል» ተብላ ነው። ስትነቃ እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። አላለቀሰችም። «ሌላውስ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ሌላው በቦታው እንዳለ ስንነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ይህን የማወሳው ሐኪሙን ለመክሰስ አይደለም፤ እንዲደብቅ የለመንነው እኛ ነን። አንድ ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ይከነክነኛል። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በወግ ነው። ጎሕ ሳይቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ይነገራል። ከዚያም ይለቀሳል፤ ሰልስት አለው፣ አርባ አለው። ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛዋም እስኪወጣላት ታለቅሳለች፤ ማንም «ዝም በይ» አይላትም። ጡቷን ላጣች ሴት ግን መርዶ ነጋሪም ለቅሶም የላትም። ያጣችውን ነገር ስም ጠርታ እንዳታለቅስ እንኳ አፏን የሚያስይዝ ቃል ይጠብቃታል፤ «ተመስገን በይ እንጂ! ነፍስሽ ተርፏል!»

ተመስገን ማለት መልካም ነው። እታለምም ትለዋለች። ነገር ግን ሰው ባመሰገነበት አፉ ማዘንም እንደሚችል የረሳን ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት ደግሞ ከ9 ሺህ በላይ ይሆናሉ። የአገራችንን ሴቶች ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ አንደኛው ይህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው በብዛት የሚታየው በዕድሜ በገፉት ላይ ሲሆን፣ በእኛ አገር ወደ ሕክምና ከሚመጡት መካከል አብዛኞቹ ከሃምሳ ዓመት በታች ናቸው። ይህም ማለት ትንንሽ ልጆች የሚያሳድጉ፣ ቢሮና ፋብሪካ የሚውሉ፣ የትዳራቸው ዕድሜ ገና ያልገፋ ሴቶች ናቸው ማለት ነው። ብዙዎቹም ዘግይተው ስለሚደርሱ ጡቱ በሙሉ ይነሣል።

«ሌላው አገር እባጩ ብቻ ይወጣል ሲባል እሰማለሁ፤ የእኛን ለምን ሙሉውን ይቆርጡታል?» ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። እባጩ ብቻ በሚወጣበት ጊዜ የቀረው ጡት ዘወትር ለማለት በሚቻል ሁኔታ የጨረር ሕክምና ያስፈልገዋል። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይህን ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ያሉ ተጨምረዋል፤ ወረፋው ግን አሁንም ረጅም ነው። ከእስቴ ተነሥታ፣ ያውም መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ፣ ለሳምንታት አዲስ አበባ ተቀምጣ ጨረር ለመሞቅ የምትችል እናት ስንት ናት? ስለዚህ ሙሉው ይነሣል፤ ውሳኔውም በብዙ መልኩ ነፍስ አድን ነው። ሆኖም ይህ ምክንያት ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሴቲቱ ለራሷ ተዘርዝሮ ሊነገራት ይገባል። አውቃና ወስና የገባች ሴትና እንደ እታለም ሳታውቅ የገባች ሴት የሚነቁበት ስሜት አንድ አይደለም።

ወደ እታለም ልመለስ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የካንሰር መድኃኒቱን በየሦስት ሳምንቱ እየተመላለሰች ወሰደች። ፀጉሯ ረገፈ። የምንኖረው ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ሲሞትባት በሆነበት አገር ነውና፣ ሻሽ አስራ ያያት ሁሉ «ማን ሞተባት?» እያለ ልጆቿን ይጠይቅ ነበር። መድኃኒቱ አለቀ፤ ፀጉሯም ቀስ በቀስ በቀለ። ቁስሉም ጠገገ። በየወሩ ስደውልላት «ቁስሉ እንዴት ነው?» እላታለሁ፤ «ድኗል» ትለኛለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ለፋሲካ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄድሁ። ያገኘኋት ሴት ድሮ የማውቃት እታለም አልነበረችም። ቡና ከልጇ እጅ ትቀበላለች እንጂ አታፈላም። ልጇና ምራቷ «እጇ ይታመማል» ብለው ከሊጥም ከምጣድም አርቀዋታል፤ እሷም ጥግ ይዛ እንደ እንግዳ ትቀመጣለች። የምራቷን የአራት ወር ልጅ አትታቀፍም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ይፈልጋል» አለችኝ። አልገባኝም ነበር። ሕፃን ሲታቀፉት በአፉ ጡት ይፈልጋል፤ በዚያ በኩል ሲፈልግ የሚያገኘው ጠባሳ ነው። ለካ እሱን ነው የምትለኝ።

እናቶች ሆይ፤ «ወልደሽ ጨርሰሻል፤ ጡት ምን ያደርግልሻል?» የሚለው ማጽናኛ ምን ያህል ከነገሩ የራቀ እንደሆነ እዚህ ላይ አስቡት። በእኛ ቋንቋ ውለታ ቢስ ሰው «ጡት ነካሽ» ይባላል። እናት ልጇን ስትማጠን ወይም ስትረግም ያጠባችበትን ጡት ጠርታ ነው። በጥንት ጊዜ ሁለት ባዕዳን ዝምድና ሲፈጥሩ አንዱ ለሌላው «የጡት ልጅ» ይሆን ነበር። ስለዚህ አንዲት የሃምሳ ዓመት እናት ጡቷን ስታጣ የምታጣው ቁንጅናን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ምላ የምትፈርድበትን፣ እናትነቷን የምትቆጥርበትን ነገር ነው። ወጣቷ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ጭንቀት ይጨመርባታል፤ ያላገባች ከሆነች ማን እንደሚያገባት፣ ያገባች ከሆነች ባሏ ምን እንደሚያስብ።

የባል ነገር ከተነሣ የእታለምን ባለቤት ላውሳላችሁ። ከሆስፒታል ከተመለሰች ጀምሮ አልጋውን ትቶ መደብ ላይ ይተኛል። እሷ «ተጸየፈኝ» ብላ ደምድማለች። እኔም ተናድጄ ነበርና በጓሮ በኩል ብቻውን አግኝቼ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ «እንዴት ልጄ! በእንቅልፍ ልቤ እጄን ጥዬባት እንዳላሳምማት ፈርቼ ነው እንጂ» አለኝ። ቁስሉ ከዳነ ስንት ወሩ መሰላችሁ! አንድ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ሁለት ሰዎች ያንን ሁሉ ሌሊት እየተሳሰቡ ተኮራርፈው ከርመዋል። ከመካከላቸው አንዳቸውም አልተናገሩም። ወንዶች አንባቢዎቻችን ይህን ዓምድ እንደምትሰርቁ አውቃለሁና ለእናንተም ጭምር ነው የምጽፈው፤ በጥንቃቄ መራቅና በመጸየፍ መራቅ ለራቁባት ሴት አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን ያገኘሁት ግን በመጨረሻው ቀን ነው። ለመንገድ የሚሆነኝን ነገር ልታወጣልኝ ሙዳይዋን ስትከፍት፣ ከክርና ከመርፌው ሥር የመድኃኒት ካርዶች አየሁ። ያልተነኩ ነበሩ። ታሞክሲፌን ነው። በየቀኑ አንድ ፍሬ፣ ለአምስት ዓመት ያህል እንዲወሰድ የሚታዘዝ። የእሷን ዓይነት፣ ማለትም በሴት ሆርሞን የሚያድግ ካንሰር ለያዛቸው ሴቶች፣ ይህ መድኃኒት በሥርዓቱ ሲወሰድ በበሽታው የመሞትን አደጋ በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች የተደረጉ የረጅም ጊዜ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ብቆጥረው የሦስት ወር ነበር። «ምነው እታለም?» አልኋት። መጀመሪያ «ያቃጥለኛል፤ ሌሊት በላብ ያጠምቀኛል» አለች። ይህ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ እንደ ማረጥ ጊዜ ያለ ሙቀት ያመጣል፤ በዚያ ላይ ምጣድ ዳር ለምትቀመጥ ሴት ቀላል አይደለም። ቆየት ብላ ግን «ደግሞስ ለማን ብዬ?» አለችኝ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ እባጩን አውጥቷል፤ መድኃኒቱም ተገኝቷል፤ ዋጋውም ተከፍሏል። ሆኖም «ለማን ብዬ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ያንን ሁሉ ድካም ሙዳይ ውስጥ ቆልፎ አስቀምጦታል። የአእምሮ ጤንነት የተረፈው ሰው ቅንጦት የሚመስላችሁ ካላችሁ ያቺን ሙዳይ አስቡ።

በአዲስ አበባ ከ400 በሚበልጡ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ከአራቱ አንዷ ያህል የድባቴ ሕመም ምልክቶች እንደሚታዩባት አመልክቷል። በዙሪያቸው የሚደግፋቸው ሰው ያላቸው ሴቶች ደግሞ በዚህ የመጠቃታቸው ዕድል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ድባቴ ስንል አንድ ሰሞን መከፋትን አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን የሚዘልቅ ሐዘን ወይም ባዶነት፣ ድሮ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ ሌሊት ነቅቶ ማደር ወይም ቀንም ሌትም መተኛት፣ እህል መጥላት፣ ራስን መውቀስ፣ «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንሁ» ማለት፣ ሲብስም «ምነው ባልነቃሁ» ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአካል ይገለጻል። ራስ ይከብዳል፣ ልብ ይመታል፣ ትከሻ ይቃጠላል፣ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ ሴትዮዋ «ከፍቶኛል» ሳትል «ያመኛል» ትላለች፤ ጤና ጣቢያም ሄዳ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሴቶች «አበድሁ እንዴ?» ብለው የሚደብቁት ነው። የሌለው ጡት ያሳክካል። አንዳንዴም ይወጋል፣ ወተት የሞላው ይመስላል። ይህ እብደት አይደለም። እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች ላይም የታወቀ ነው፤ ነርቩ ቢቆረጥም አንጎል የድሮውን አካል ካርታ ይዞ ስለሚቆይ የሚመጣ ስሜት ነው። እታለም ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እኔማ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልሁ እንጂ፣ ሌሊት ተነሥቼ አየሩን ያከክሁበት ቀን አለ» አለችኝ።

ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ እንሂድ ስላት ግን ሳቋ ጠፋ። «ልቤ ተነክቷል ልትዪ ነው?» ብላ ተቆጣች። አዲስ አበባ ያላችሁ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም እንዴት ስድብ ሆኖ እንደቀረ ታውቃላችሁ፤ እስቴም ያው ነው። ያሳመናት ባለቤቷ ነው። «ስለ እንቅልፍሽ ብቻ ንገሪያቸው» አላት። ሄደን ያገኘናት ባለሙያ ወጣት ናት። ስለ እንቅልፍ ጠየቀቻት፣ ስለ ምግብ ጠየቀቻት፣ ቀጥላም ድምፅዋን ሳትቀይር «ባልነጋልኝ ብለው የሚያስቡበት ጊዜ አለ?» አለቻት። እኔ ደነገጥሁ። እታለም ግን እንደ ተራ ነገር «አለ» ብላ መለሰች። በኋላ ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፣ እንዲህ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም የተሸከመውን እንዲያወርድ ያግዘዋል። አንዲት ሴት እንዲህ ስትል ከሰማችሁ ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዷት።

ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ ድረስ መሄድ ለማይቻላቸው ደግሞ በአቅራቢያ ላለው የጤና ባለሙያ ችግሩን በስሙ መንገር መነሻ ይሆናል። ሕክምናው ለብዙዎች በንግግር የሚሰጥ ምክር ነው፤ ለአንዳንዶች መድኃኒት ይጨመርበታል። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ይህንኑ ለአእምሮ ሐኪሟ መናገር አለባት። ለድባቴ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል እንደ ፍሎክሰቲንና ፓሮክሰቲን ያሉት የታሞክሲፌንን ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ ሐኪሙ ካወቀ የማይጋጨውን ይመርጣል። ጠበል የምትጠመቅም ብትሆን ለሐኪሟ ትንገር፣ ትጠመቅ፤ ስለዚህ ብላ ኪኒኑን ማቋረጥ ግን የለባትም።

ስለ እጇም ትንሽ ልበል፤ የእጅ ነገር የልብ ነገር ነውና። ከብብት ሥር ያሉት ዕጢዎች ስለሚወጡ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል። በዚያ እጅ የውኃ ጀሪካን አለመሸከም፣ ከምጣድ ቃጠሎና ከስለት መጠንቀቅ፣ እጁ ካበጠ ወይም ከቀላ ቶሎ መታየት ተገቢ ነው። ነገር ግን እጁ ጨርሶ እንዲቦዝን ማድረግ ስሕተት ነው። ሐኪም በሚያሳየው መንገድ በየቀኑ ማንቀሳቀስ፣ ግድግዳ ላይ በጣት እየተራመዱ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀለል ያለውንም ሥራ ተዉላት። ጥጥ ትፍተል፣ ቡና ትቁላ፣ ሽንኩርት ትክተፍ። እኛ ለእታለም አዝነን ሥራዋን ሁሉ ስንወስድባት የቤቱ እመቤትነቷንም አብረን ወስደንባት ነበር።

በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ የምትሠሩ እህቶች ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁት። በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው። ሥራ ስትመለሱ ባልደረቦቻችሁ ደረታችሁን በጎን ዓይን ማየታቸው አይቀርም። አንድ ሰው ላይ እምነት ካላችሁ ለእሱ ንገሩት፤ ለሁሉም የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም።

ይህ ዝምታ የእስቴ ብቻ፣ የእኛም ብቻ አይደለም። ፋኒ በርኒ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1811 ፓሪስ ውስጥ ያለ ማደንዘዣ ጡቷ ተነሥቶላት ነበር። ቀዶ ጥገናውን ካደረጉላት መካከል የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ላሬ ይገኝበታል። ለእህቷ የሆነውን ሁሉ በደብዳቤ ለመግለጽ ብዙ ወራት ፈጅቶባታል። ለወራት ያህል ስለ ነገሩ መናገር አቅቷት እንደነበርና የጻፈችውንም መልሳ ማንበብ እንዳልቻለች እዚያው ደብዳቤ ላይ አስፍራለች። ከዚያ በኋላ ግን ሃያ ስምንት ዓመት በሕይወት ኖራለች። በአሜሪካም ቴሬዝ ላሰር የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1952 ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ ሐኪሞቿ ስለ ቁስሉ እንጂ ስለ ኑሮዋ ምንም እንዳልነገሯት ታዘበች። ስለዚህ ራሷ በየሆስፒታሉ እየዞረች አዲስ የታከሙትን ሴቶች አልጋቸው ድረስ ሄዳ መጠየቅ ጀመረች። ለክንዳቸው ማለማመጃ ኳስና ገመድ፣ በልብሳቸው ውስጥ የሚያደርጉት ጊዜያዊ ጡት ይዛላቸው ትሄድ ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች አልወደዱላትም። ሴቶቹ ግን የምትለውን ይሰሟት ነበር፤ እነሱ የደረሰባቸው ደርሶባታልና። ሥራዋን በኋላ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ተረከበው፤ ወደ ብዙ አገሮችም ተስፋፋ።

ስለዚህች ሴት ለእታለም በስልክ አጫወትኋት። ብዙም አልተናገረችም፤ «ኳሱ ለምንድን ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

እታለም አሁን መድኃኒቷን ትውጣለች፤ የምትውጠውም ማታ ባለቤቷ ውኃ ሲያቀብላት ነው። መደቡ ላይ የሚተኛ የለም። ሐዘኑ ጨርሶ ለቋታል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም ዝም የምትልበት ቀን አለ። ለራሷ ከነጭ አቡጀዲ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ ጥጥ ጠቀጠቀችበት። ጥጡ ብቻውን ቀሎ ወደ ላይ እየተሳበ ስላስቸገራት ጥቂት የተልባ ፍሬ ጨመረችበት፤ አሁን በቀሚሷ ውስጥ ከሌላኛው ጋር እኩል ይቀመጣል። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ ቁስሉ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እስከዚያው ለስላሳ ጥጥ ብቻ ይሁን።

ባለፈው ወር ከእነሱ ሰፈር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ከቀዶ ጥገና ተመለሰች። እታለም እንደገና ስፌት ጀመረች። ሁለተኛውን ከረጢት በነጠላዋ ጠቅልላ ልትጠይቃት ሄደች፤ የሆነውን የነገረችኝ አብራት የሄደችው ልጇ ናት። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። ሁሉም «ቁስሉ እንዴት ነው?» ይላል፤ ሴትዮዋም «ተመስገን፣ ደህና ነው» እያለች ትመልሳለች። እታለም አጠገቧ ተቀምጣ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «በየትኛው ጎንሽ ነው የምትተኚው?» አለቻት።

ሴትዮዋ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተችና ማልቀስ ጀመረች። ጠያቂዎቹ ደንግጠው ተነሡ፤ አንዷ «ኧረ ተይ፣ ተመስገን በይ» ልትላት እጇን ያዘቻት። እታለም የያዘችውን እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀቻት።

«ተዋት» አለች። «ገና አላለቀሰችም እኮ።»